ጆሮ ሲከብድ፤ ስለ መስሚያ መሣሪያ ታሪክ

(በራዲዮ ከተነገረ በኋላ ለጋዜጣ የተሰጠ)



በጣና ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው የማለዳውን መምጣት አስቀድሞ የሚያውቀው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። ገና ጎህ ሳይቀድ በየደሴቱና በዘጌ ልሳነ ምድር በሚገኙት ገዳማት የድንጋይ ደወል ይመታል። ይህ ደወል ከእንጨት ላይ በገመድ የተንጠለጠለ ረዥምና ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲሆን፣ በሌላ ድንጋይ ሲመቱት እንደ ብረት ይጮኻል። ጸጥ ባለ ማለዳ፣ ከበታች የቀዘቀዘ ከበላይ የሞቀ አየር ሲኖር፣ ድምፅ ወደ ሰማይ ከመበተን ይልቅ ወደ ታች እየታጠፈ ሩቅ ይደርሳል። ስለዚህም የጣና ዳር ሰው ታንኳ ቀዛፊውን ከማየቱ በፊት ድምፁን ይሰማል።

አባቴ የዘጌ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ቡና ለቅመው፣ በደንገል ታንኳ ጭነው፣ ባሕር ዳር ገበያ ያወርዱ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጥምቀት ልጠይቃቸው ሄጄ ሳለሁ፣ አንድ ማለዳ ከደጅ ቆመው «ዛሬ ደወሉ ሳይመታ ለምን ቀረ?» ብለው ጠየቁኝ። ደወሉ ግን ያን ጊዜ እየተመታ ነበር። እኔም የምመልሰው ጠፍቶኝ ዝም አልሁ።

ከዚያ ቀን አስቀድሞ ምልክቱን ሁላችንም አይተነው ነበር፤ ነገር ግን ስም አልሰጠነውም። አባታችን በጨዋታ መካከል ይተክዛሉ፤ ያልተጠየቁትን ይመልሳሉ፤ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገባሉ። እኛም «አባባ ዛሬ ዛሬ ተቀየሙ» እንል ነበር። ይባስ ብሎ ስሙን በማልጠራው በአንድ መሥሪያ ቤት ስለ ቡና መሬታቸው ወሰን ጉዳይ ነበራቸው። ጸሐፊው ራሱን ወደ መዝገቡ ደፍቶ ውሳኔውንና ይግባኝ የሚባልበትን ቀን በመስኮቱ ቀዳዳ ነገራቸው። እርሳቸውም አልሰማሁም ማለትን አፍረው «እሺ፣ እሺ» ብለው ፈረሙ። ቀኑም አለፈ፤ ይግባኙም ቀረ። ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራ የበዛበት ሰው ነበር። ዳሩ ግን የሆነው ይህ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ቋንቋችንን ጥቂት እንመርምር። ጆሮው ለማይሰማ ሰው «ደንቆሮ» የሚል ስም ሰጥተነዋል፤ ከዚሁ ቃል «ድንቁርና» የሚለውን አውጥተን ላልተማረና ለማያስተውል አእምሮ ስም አድርገነዋል። የጆሮን ድካም ከአእምሮ ድካም ጋር በአንድ ቃል ስላሰርነው፣ ጆሮው የከበደው ሰው ችግሩን ከመናገር ይልቅ «እሺ» ብሎ መፈረምን ይመርጣል። ዛሬ «መስማት የተሳነው» የምንለው ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ሁለቱን ነገር ለመለየትም ነው። የሰው ልጅ ይህን ድካም ለመርዳት ምን መሣሪያ እንደ ሠራ ከዚህ ቀጥሎ ባጭሩ እናገራለሁ። ዓ.ም. ሳልል የምጠቅሰው ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልኝ።

የመጀመሪያው የመስሚያ መሣሪያ የገዛ እጃችን ነው። መዳፉን አጉብጦ ከጆሮው ኋላ ያደረገ ሰው ብዙ ድምፅ ይሰበስባል። ከእጅ ቀጥሎ የመጣው ቀንድ ነው። መለከት የሚነፋ ሰው ከጠባቡ ጫፍ ይነፋል፤ ድምፁም በሰፊው አፍ ይወጣል። ይህን ብንገለብጠው፣ ሰፊው አፍ ድምፅን ይቀበላል፤ ጠባቡም ወደ ጆሮ ያስገባል። በአውሮፓ የጆሮ ጥሩምባ የተባለው መሣሪያ ይኸው ነው። በ1624 በፈረንሳይኛ የታተመ አንድ የሒሳብ ጨዋታዎች መጽሐፍ ስለዚሁ ጥሩምባ ይናገራል።

ይህ ታሪክ ከጣናችን ጋር የሚገናኝበት አንድ ነገር አለ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በሐይቁ ሰሜን ዳርቻ በጎርጎራ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ ስፔናዊ የኢየሱሳውያን ቄስ ይኖር ነበር። በ1618 ከንጉሡ ጋር ወደ ሰከላ ሄዶ የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቶ ጻፈ፤ በ1622ም በዚሁ አገር ሞተ። መጽሐፉ ብዙ ዘመን ሳይታተም ሲቀር፣ ስለ ዓባይ ምንጭ የጻፈውን ክፍል በላቲን ቋንቋ አውጥቶ ለአውሮፓ ያሳወቀው በሮማ ይኖር የነበረው ጀርመናዊ ሊቅ አታናሲዩስ ኪርኸር ነው። ይኸው ኪርኸር በ1650 ስለ ዜማ፣ በ1673 ደግሞ ስለ ድምፅ ባሳተማቸው መጻሕፍት ድምፅ በቱቦና በጥሩምባ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ መርምሮ፣ ጆሮው ለከበደ ሰው የሚረዳ መሣሪያንም ገልጿል። እንግዲህ ከጣና ዳር የተላከውን ወሬ ለዓለም ያሰማው ሰው፣ ስለማይሰማ ጆሮም ያሰበ ሰው ነበር ማለት ነው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ የጆሮ ጥሩምባ መሥራት ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ። ጆሮው ይከብደው ለነበረው የሙዚቃ ሊቅ ለቤትሆቨን ሜልጸል የተባለ መሣሪያ ሠሪ ጥሩምባዎች አበጅቶለት ነበር። በለንደን ደግሞ ሬይን የተባለ ሠሪ በ1819 ለፖርቱጋል ንጉሥ ለ6ኛው ዮሐንስ የመስሚያ ዙፋን ሠራ። የዙፋኑ ክንድ ማሳረፊያዎች አፋቸውን የከፈቱ አንበሶች ናቸው። ባለ ጉዳይ ተንበርክኮ በአንበሳው አፍ ውስጥ ሲናገር፣ ድምፁ በዙፋኑ ውስጥ አልፎ በቱቦ ወደ ንጉሡ ጆሮ ይደርስ ነበር። አንባቢ ልብ ይበል፤ ንጉሥ ጆሮው ሲከብድ መናገሪያውን ተንበርክኮ የፈለገው ባለ ጉዳዩ ነው። ድሃ ጆሮው ሲከብድ ግን በመስኮት ቀዳዳ ጎንበስ ብሎ የሚያዳምጠው እርሱ ራሱ ነው።

ጥሩምባው ሌላ ጥቅምም ነበረው። በ1930 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል አዲስ አበባ መጥቶ የነበረው እንግሊዛዊ ደራሲ ኤቭሊን ዎ፣ በሸመገለ ጊዜ ያረጀ የጆሮ ጥሩምባ ይዞ ይዞር ነበር። በ1957 በአንድ ግብዣ ላይ የማይወደው ሰው ንግግር ሲጀምር ጥሩምባውን ከጆሮው አውርዶ ከጠረጴዛው ላይ አኖረው ይባላል።

ይሁን እንጂ ጥሩምባ ድምፅን ይሰበስባል እንጂ አያጎላም። ማጉላት የመጣው ከኤሌክትሪክ ጋር ነው። ቴሌፎንን በ1876 ያወጣው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል መስማት ለተሳናቸው ልጆች አስተማሪ ነበር፤ እናቱ ጆሮዋ የከበደ፣ ሚስቱም በሕፃንነቷ በበሽታ መስማት የተሳናት ነበረች። ይህ ቴሌፎን በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ ከሩቅ ያለውን ሰው ሲያቀራርብ፣ በአሜሪካ ደግሞ ከአጠገብ ያለውን ሰው ለማሰማት ይሠሩበት ጀመር። በ1898 ሚለር ሪስ ሃቺሰን የተባለ የአላባማ ሰው የቴሌፎንን መናገሪያ ከባትሪ ጋር አያይዞ አኩፎን ያለውን የመስሚያ መሣሪያ አወጣ። የእንግሊዝ ንግሥት አሌክሳንድራም ከተጠቀሙበት ሰዎች አንዷ ነበሩ።

እዚህ ላይ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለ። ይኸው ሃቺሰን ከዓመታት በኋላ የመኪና ጥሩምባ ፈለሰፈና ክላክሰን ተባለ፤ እኛ ዛሬ «ክላክስ» የምንለው ስሙን ከዚያ የወረሰ ነው። በዘመኑ የነበሩ ሰዎች «ሃቺሰን ክላክሱን የሠራው ሰው ሁሉ ደንቁሮ የመስሚያ መሣሪያውን እንዲገዛው ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። በባሕር ዳር ዋና መንገድ የባጃጁንና የአውቶቡሱን ክላክስ የሰማ ሰው ቀልዱ እስከ ዛሬ አለማርጀቱን ይመሰክራል።

ከ1920ዎቹ ጀምሮ በራዲዮ ውስጥ የነበረው ቫልቭ ወደ መስሚያ መሣሪያ ገባ። ድምፁ ጠራ፤ መሣሪያው ግን ከባድ ነበር። ባለቤቱ ማይክሮፎኑን በደረቱ፣ የባትሪ ድንጋዩን በወገቡ ወይም በጭኑ ታጥቆ ይሄድ ነበር። ትራንዚስተር በ1947 በቤል የምርመራ ቤት ሲገኝ ግን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ድርጅቱ ትራንዚስተር መሥራት ከሚፈልጉት ሁሉ ክፍያ ሲጠይቅ፣ ለመስሚያ መሣሪያ ለሚያውሉት ግን የቤልን መታሰቢያ በማድረግ ክፍያውን ተወላቸው። በ1952 መጨረሻ ላይ ሶኖቶን የተባለው ኩባንያ ትራንዚስተር ያለበትን የመስሚያ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። የመጀመሪያው የኪስ ትራንዚስተር ራዲዮ ለሽያጭ የወጣው በ1954 ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ገበሬው በትከሻው አንግቶ ወደ እርሻ የሚሄድባት ትራንዚስተር ራዲዮ ለጆሮ መሣሪያ ታናሽ እኅት ናት። እኛም በራዲዮ የምንናገር ሰዎች መስማት ለተሳናቸው ሰዎች ያልታወቀ ዕዳ አለብን።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ከደረት ወደ ጆሮ ኋላ፣ ከጆሮ ኋላም ወደ ጆሮ ቀዳዳ ገባ። ከ1996 ጀምሮ ድምፅን ወደ ቁጥር ለውጠው የሚያጣሩ መሣሪያዎች ለገበያ ወጡ። እነዚህ የሰውን ንግግር ከጫጫታ ለመለየት ይጥራሉ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ጆሮም እንደ ልብስ በልክ ይስተካከላሉ።

አሁን ስለ ጆሮ አሠራር ጥቂት እንናገር። ድምፅ የጆሮን ታምቡር ይመታል፤ ሦስት ትንንሽ አጥንቶች ተቀባብለው ቀንድ አውጣ ወደሚመስለው የውስጥ ጆሮ ያደርሱታል። በዚያም እንደ ፀጉር ያሉ ቁንጮዎች ያሏቸው 15,000 የሚያህሉ ሴሎች ድምፁን ወደ ነርቭ መልእክት ይለውጡታል። እነዚህ ሴሎች በሰው ጆሮ ውስጥ አንድ ጊዜ ከሞቱ ዳግመኛ አይበቅሉም። እርጅና አስቀድሞ የሚያጠፋው የቀጭኑን ድምፅ ሴሎች ነው። በቋንቋችን ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ጽ የሚባሉት ፊደላት በቀጭን ድምፅ የሚሰሙ በመሆናቸው፣ ሽማግሌው ሰው መናገሩን ይሰማል፤ ምን እንደ ተናገረ ግን አይለይም። «ስም» ያልነውን «ፍም» ይለዋል። ስለዚህም መጮኽ አይጠቅመውም፤ ጩኸት አናባቢውን ብቻ ያሳብጣልና።

ሴሎቹ ፈጽመው ለሞቱበት ሰው ደግሞ ማጉላት ብቻውን ከንቱ ነው። በ1957 በፓሪስ ጁርኖና ኤሪየስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ኤሌክትሪክን በቀጥታ ከመስሚያ ነርቭ ጋር ለማገናኘት ሞከሩ። በ1961 ዊልያም ሃውስ በአሜሪካ፣ በ1978 ግሬም ክላርክ በአውስትራሊያ ሥራውን አራመዱት። ዛሬ በቀዶ ሕክምና በውስጥ ጆሮ የሚተከለው መሣሪያ የዚህ ድካም ፍሬ ነው።

ይህን ሁሉ ስናገር መሣሪያ ለሁሉ መድኃኒት ነው ማለቴ አይደለም። በሕፃንነታቸው ጀምሮ መስማት የተሳናቸው ብዙ ወገኖቻችን የራሳቸው ሙሉ ቋንቋ አላቸው፤ እርሱም የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ ነው። በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ በመካኒሳ ለእነርሱ የተከፈተው ትምህርት ቤት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሲሆን፣ ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። ለእነዚህ ሰዎች የሚያስፈልገው ጆሮአቸው ላይ የሚሰካ ነገር ሳይሆን እጃቸውን የሚያነብ ዓይን ነው።

መድኃኒቱ ከመፈለጉ በፊት ግን ምክንያቱን ማወቅ ይገባል። በልጅነት መግል የሚያፈስ ጆሮ ታምቡርን ይበሳል፤ «ሲያድግ ይተወዋል» እያልን ዘይት ከምናፈስበት ወደ ሐኪም ብንወስደው ይድናል። ኩፍኝ በክትባት ይከለከላል። በ1981 እና በ1989 አገራችንን የመታው የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ዓይነት በሽታ ከሞት የተረፈውን ሰው ብዙ ጊዜ ጆሮውን ነሥቶ ይተወዋል። ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶችም ጆሮን ይጎዳሉ። በወባ አገር ያለን ሰዎች የምናውቀው ኪኒን ጆሮን እንደሚያስጮኽ ማን ይዘነጋል?

ጫጫታም ሌላው ጠላት ነው። ቶማስ ባር የተባለ የግላስጎው ሐኪም በ1886 የእንፋሎት ጋን የሚቀጠቅጡ ሠራተኞችን መርምሮ፣ ከመካከላቸው ጤናማ ጆሮ ያለው ሰው ማግኘት ጭንቅ መሆኑን አስረድቷል። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሲቋቋም ከተማችን አዲስ እንጀራና አዲስ ድምፅ አገኘች። የሽመና መኪና፣ ወፍጮ ቤት፣ የብረታ ብረት ሥራ ባለበት ቦታ ሁሉ የጆሮ መከላከያ ማድረግ እንደ ቅንጦት የሚታይ ነገር አይደለም።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ሕክምና ወይም እርዳታ እስኪያስፈልጋቸው ድረስ ጆሮአቸው የከበደ ሰዎች በዓለም ላይ ከ430 ሚሊዮን በላይ ናቸው። የመስሚያ መሣሪያ ከሚጠቅማቸው 100 ሰዎች ውስጥ የሚጠቀሙበት 17 ብቻ መሆናቸውንም ድርጅቱ ይገልጻል። የዓለም የመስማት ቀን በየዓመቱ ማርች 3 ይከበራል። ይህም በእኛ አቆጣጠር የካቲት 24፣ የዓድዋ ድል በዓል ማግስት ነው። ቀኑ የተመረጠው የ3 ቁጥር ቅርጽ ጆሮ ስለሚመስልና በሦስተኛው ወር ሦስተኛ ቀን ሁለቱ ጆሮዎች ጎን ለጎን ስለሚቆሙ ነው።

አባቴን ባሕር ዳር ወደ ጆሮ ሐኪም ወሰድኋቸው። አስቀድሞ ኩካቸው ተጠረገ፤ ቀጥሎ ጆሮአቸው ተለካ፤ በመጨረሻም ከጆሮ ኋላ የሚውል መሣሪያ ተገዛላቸው። «ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል» የሚለውን ተረት እስከዚያ ቀን ድረስ እንደ ስድብ ብቻ እቆጥረው ነበር፤ ያን ዕለት ግን እውነት እንዳለበት አየሁ። ለዓመታት ጸጥ ያለው ዓለም ባንድ ጊዜ ገባባቸው። የሙቀጫው ድምፅ፣ የዶሮው ጫጫታ፣ ዝናብ ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ሁሉም እኩል ጮኸባቸው። በሦስተኛው ቀን አውልቀው ከሳጥን ከተቱት። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ አእምሮ ድምፅን መምረጥ ዳግመኛ እስኪማር ድረስ ሳምንታት እንደሚፈጅበት አስቀድሜ አልነገርኋቸውም። ኋላ እኅቴ በቀን አንድ ሰዓት፣ ቀጥሎም ሁለት ሰዓት እያደረገች አለማመደቻቸው። አሁን ባትሪውን ራሳቸው ይለውጣሉ፤ የሐይቁ እርጥበት እንዳያበላሸውም ማታ ማታ በደረቅ ዕቃ ያኖሩታል። መሣሪያው የሩቁን ደወል አልመለሰላቸውም፤ የተሠራው ለቅርብ ንግግር ነውና። የልጅ ልጆቻቸውን ጨዋታ ግን ይሰማሉ፤ እንግዳ ሲመጣም ወደ ጓዳ አይገቡም።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ የምታገለግሉ አንባብያን፣ ቃሌን ወደ እናንተ እመልሳለሁ። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ተቀብላ አጽድቃለች፤ ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ወጥቷል። ሕጉ ትልቅ ነገር ነው፤ በመስኮቱ ላይ ያለው ሥራ ግን የእናንተ ነው። በሌሎች አገሮች በመሥሪያ ቤት መስኮት ዙሪያ ሽቦ ይዘረጋሉ፤ ጸሐፊው በማይክሮፎን ሲናገር ሽቦው ድምፁን በመግነጢስ ኃይል በቀጥታ ወደ ባለ ጉዳዩ የመስሚያ መሣሪያ ያሻግረዋል። ይህ ዘዴ በእንግሊዝ አገር ከ1937 ጀምሮ የታወቀ ነው። ይህ እስኪደርሰን ድረስ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ አለ። ከመዝገቡ ቀና ብላችሁ ፊታችሁን አሳዩ፤ ብርሃን ከፊታችሁ እንጂ ከጀርባችሁ አይሁን፤ ሳትጮኹ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ፤ ቀንና ቁጥርን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። ባለ ጉዳዩ «እሺ» ሲላችሁም ምን እንደ ሰማ መልሶ እንዲነግራችሁ በትሕትና ጠይቁት። አባቴን የጎዳቸው የዚህች አንዲት ጥያቄ መቅረት ነበር።

ይህን ቃል በራዲዮ ስናገር አባቴ አልሰሙኝም። በመሣሪያው እንኳ የራዲዮ ንግግር ይፈጥንባቸዋል። ጋዜጣው ባሕር ዳር ሲደርስ ግን እኅቴ ገዝታ ትወስድላቸዋለች። ከደጃቸው ባለው ቡና ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ በቄስ ትምህርት ቤት እንደ ለመዱት ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነቡታል። እዚህ ላይ ሲደርሱ ስለ ይግባኙ ያስታወስሁባቸውን ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ እለምናቸዋለሁ።